በጎማ የማይገባ ድንጋይ

እናኑ ወንድ ልጅ ከባድ ነገር ሊያነሣ ሲል የሚያሳየውን ፊት ጠንቅቃ ታውቃለች። መጀመሪያ ዙሪያውን ይቃኛል። የሚያየው ሰው ከሌለ «ኧረ አንድ ሰው አግዙኝ» ብሎ ይጣራል። የሚያየው ካለ፣ ይልቁንም የምታየው ሴት ካለች፣ መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ ሃምሳ ኪሎውን ሲሚንቶ ከመሬት መንጭቆ ያነሣዋል። «ሲሚንቶው ጀርባ ላይ ሲወጣ አእምሮ ቦታ ይለቅለታል» ትላለች።

ዕድሜዋ አርባ ሁለት ነው። ቡሬ ስድስት ዓመት ድንጋይና ውኃ ስታመላልስ ኖራ፣ አሁን ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር በሚሠራው ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ካቦ ሆናለች። ካቦ ማለት የቀን ሠራተኛው አለቃ ነው፤ ሴት ካቦ ስትሾም የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር ቆሞ አይቷታል። ተቋራጩ የሾማት ለሴት አስቦ እንዳይመስላችሁ። የሌሎቹ ካቦዎች ሰዎች ሰኞ እንደ ኮርማ እየፎከሩ ይገቡና ሐሙስ ላይ ግማሾቹ ወገባቸውን ይዘው ይቀራሉ። የእናኑ አሥራ ስምንት ሰዎች ሰኞም አሥራ ስምንት፣ ቅዳሜም አሥራ ስምንት ናቸው። ተቋራጩ ሰው ባያውቅ ቁጥር ያውቃል።

ምስጢሯ ቀላል ስለሆነ ነው ማንም ያልሰረቀባት። ብሎኬት መሬት ላይ አታስቀምጥም፤ በርሜል ላይ ጣውላ ዘርግታ ከወገብ እኩል ትደረድረዋለች፣ ሰው እንዳይጎነበስ። ሲሚንቶ በባሬላ ነው፣ ለሁለት ሰው። ድንጋይ ከመሬት የሚያነሣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ድንጋዩን ከሆዱ አስጠግቶ ይነሣል። ዞር ማለት የፈለገ እግሩን ያዞራል፤ ወገቡን ያዞረ ሰው ከእናኑ የሚሰማውን ስድብ ለንስሐ አባቱም አይናገረውም። እስከ ምሳ አሸዋ ሲዝቅ የቆየ ከምሳ በኋላ ውኃ ይቀዳል፤ ውኃ የቀዳው አሸዋ ይዝቃል። ወንዶቹ ሳቁባት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያለች ስለምትመልስላቸው «የሎሚ ካቦ» የሚል ስም አወጡላት። የሳቁባት ሰዎች ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በሁለት እግራቸው ቆመው ነው የሚስቁት።

ይህን ሁሉ የተማረችው በባሏ ወገብ ነው። እንድሪያስ ቡሬ ሳሉ ስመ ጥር ተሸካሚ ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቹ አንድ ሣጥን ቢራ አስይዘው «ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ በአንድ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ የሚያወጣ ወንድ አለ?» አሉ። ልብ በሉ፤ ሲሚንቶውን እዚያ ላይ የፈለገው ሰው አልነበረም፤ ግንበኞቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። እንድሪያስ ግን አወጣው። ቢራውን ጠጣ፣ ዘፈነ፣ ተኛ፤ ጧት ግራ እግሩ አልታዘዝ አለው። ቀጥሎ የወገሻው ተራ ሆነ። ወገሻው በቅቤ አሸው፣ ሁለት ሰዎች እጅና እግሩን እንዲጎትቱ አዘዘና ራሱ ጀርባው ላይ ቆመ። አንክሶ የገባው ሰው ከወገሻው ቤት በቃሬዛ ወጣ።

ሆስፒታል የደረሱት ከሁሉም በኋላ ነው። የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕክምና የምትሰጠው ወጣት ባለሙያ ወገቡን ዳሰሰችና «እትዬ፣ ይህ የአንድ ቀን ጉዳት አይደለም። ዓመታት ያለ አግባብ ሲሸከም ኖሯል፤ ያቺ ቀን የመጨረሻዋ ብቻ ናት» አለቻት። ከዚያም ባዶ ካርቶን አምጥታ እንዴት እንደሚነሣ አሳየቻቸው። እንድሪያስ ኮርኒሱን ያይ ነበር፤ እናኑ ካርቶኑን። አሁን ከተከራዩት ቤት ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይውላል። አላፊ አግዳሚው «እንዴት ነው ወገብኸ?» ሲለው የሁለቱን ከረጢት ታሪክ ከሥሩ ይጀምርለታል፤ ሲያወራውም ዓይኑ ይበራል። ያን ጊዜ እናኑ በርጩማውን ከሥሩ ብትስብበት ደስ ይላታል።

የሳይቱ መሐንዲስ አሸናፊም በበኩሉ ስለ ሠራተኛው ወገብ ያስባል፤ በወረቀት። አንድ ቀን የመጋዘኑ በር ላይ ትልቅ ሥዕል ለጠፈ። ቆብ ያደረገ ሰውዬ ጉልበቱን አጥፎ ካርቶን ሲያነሣ ያሳያል፤ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ሠራተኞቹ ከበው ተመለከቱትና አንዱ «ምስኪን፣ ሆዱን አሞት ይሆናል እንዲህ የተቀመጠ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሥዕሉ የሽንት ቤት ምልክት ሆኖ ቀረ። ሃያ የወገብ ቀበቶም መጥቶ ነበር። ጎብኚ ሲመጣ ከመጋዘን ይወጣል፣ ይታሰራል፣ ፎቶ ይነሡበታል፣ ተቆጥሮ ይገባል።

«እትዬ እናኑ፣ ቀበቶው እንዳይቆሽሽ አደራ» ይላል አሸናፊ።

«የኛ ወገብ ይቆሽሽ ኢንጅነር፤ ቀበቶውማ እንግዳ ይጠብቃል» ትለዋለች።

አንደበቷ እንዲህ ነው። ለማንም አይመለስም፤ ለመሐንዲስም፣ ለባሏም፣ ለራሷ ሰዎችም። አንድ የምትሳሳለት ወገብ ግን ነበራት፤ የወንድሟ የጌታሁን።

ጌታሁን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ከገበዝ ማርያም ወጣ ብላ አቦ በምትባል አጥቢያ ከእናታቸው ጋር ይኖራል። አባታቸው ሞተዋል፤ በቤቱ ሌላ ወንድ የለም። የእናታቸውን ማሳ የሚያርሰው እሱ ብቻ ነው። እሱ ካረሰ ድንቹም ገብሱም አለ፤ ካላረሰ መሬቱ ለሌላ አራሽ የእኩል ይሰጥና እናታቸው ከገዛ ማሳቸው ግማሹን ሲለምኑ ይከርማሉ። በየዓመቱ እህሉ ከተወቃ በኋላ ጥር ላይ ፍኖተ ሰላም ወርዶ የቀን ሥራ ይሠራል፣ ክረምቱ ሲቃረብ ይመለሳል። ዘንድሮ እናኑ በራሷ ሰዎች ውስጥ አስገባችውና በእናታቸው አስማለችው፤ ብቻውን ምንም ከባድ ነገር ላያነሣ።

«ሰኔ ላይ ሞፈር የምትይዝበት ወገብ ነው» አለችው። «ለሰው ፎቅ የሰጠኸው እንደሁ እኔ አላውቅኸም።»

«እሽ እታለም» አለ።

ግዙፍ፣ ዝምተኛ፣ ሲሰድቡት ጆሮው የሚቀላ ሰው ነው። አራት ወር ቃሉን ጠበቀ። እጁ ወደ ከባድ ነገር ሲዘረጋ ዞሮ እናኑን ያያል፤ እሷ ራሷን ከወዘወዘች ይተወዋል። ሌላ ቃል አያስፈልጋቸውም ነበር።

በግንቦት አጋማሽ ከአቦ መልእክት መጣ። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አዲሱ በድንጋይ እየተሠራ ስለሆነ የአጥቢያው ልጅ ሁሉ ለደቦ ይውጣ ተባለ። እናኑ ከተቋራጩ ሁለት ካሪዮላ ለመነች፤ ያ አንድ ጎማ ያለው በእጅ የሚገፋ ጋሪ። በአይሱዙ አስጭና ከጌታሁን ጋር ወጣች። መንገዱን ሙሉ ልቧ ሞቅ ብሎት ነበር። የከተማው ሰው ቢስቅባት፣ አገሯ የተማረችውን ያይላታል ብላ አስባለች።

አገሯ ያየው ጎማውን ነው። ድንጋዩ የሚወጣው ከታች ከወንዙ ዳር፣ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሠራው ከጉብታው አናት ላይ፣ መካከሉ የሚያስቃትት አቀበት ነው። ካሪዮላዎቹ ከመኪና ሲወርዱ መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ ጉርምርምታ ተነሣ። ሥርጉት የምትባል ጎረቤታቸው ነበረች። ባሏ ባለፈው ዓመት የማዕዘኑን ድንጋይ ብቻውን ተሸክሞ ስላወጣ ከዚያ ወዲህ ገበያ ስትሄድ እንኳ የመንገዱን መሀል ይዛ ነው።

«ምነው እናኑ፣ ለአቦ ነው ወይስ ለሆቴል የመጣሽው?» አለች።

«ለወገባችሁ ነው የመጣሁ።»

«ድንጋይ በትከሻ እንጂ በጎማ ቤተ ክርስቲያን አይገባም» አሉ አንድ ሽማግሌ። «በጎማ የገባ እንደሁ በረከቱም የጎማው ነው።»

በዚያ አገር ሕጉ ይኸው ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ድንጋይ ሲከብድ በረከቱም ይከብዳል ይባላል፤ ማን መዝኖ እንዳረጋገጠ የሚያውቅ የለም። ትልቁን ድንጋይ ሁለት ሰዎች ያሸክማሉ። ትከሻ ላይ ከወጣ በኋላ እስኪራገፍ ድረስ ማንም እጁን አያሳርፍበትም፤ ያሳረፈ በረከቱን ይካፈላል ተብሎ ነው። በረከት እንኳ ለመካፈል የሚሳሱ ሰዎች፣ በወገባቸው ግን ቸሮች ናቸው።

እናኑ ወደ መሪጌታ ሀብተሚካኤል ሄደች። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የቅኔ መምህር ናቸው፤ ወይራው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጉልበት ስማ ቆመችና ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«የኔታ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ። ታቦተ ጽዮን ከፍልስጥኤም አገር ስትመለስ በምን መጣች?»

መሪጌታ ፈገግ አሉ። «በሠረገላ። ሁለት ላሞች ስበውት።»

«ሠረገላው ጎማ አልነበረውም?»

እናኑ ድል ያደረገች መሰላት። ያን ጊዜ አንዱ ዲያቆን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኋላስ የኔታ? በሠረገላ ስትሄድ ዖዛ እጁን ዘርግቶ ተቀሠፈ። ዳዊትም ደንግጦ ከዚያ በኋላ በትከሻ አስያዛት።»

መሪጌታ ሐሰት አይናገሩም። «እውነት ይላል ልጄ» አሉ። «ነገር ግን ይኸ ታቦት አይደለም፤ ድንጋይ ነው። ድንጋይ በጎማ ቢመጣ አቦ አይቀየሙም።»

ሁለተኛውን ቃል የሰማ የለም። «እውነት ይላል» ሲሉ ሰዉ በእልልታና በጭብጨባ ተነሥቶ ነበር። እንዲህ ነው፤ የሚፈልገውን የሰማ ጆሮ ሌላ እንግዳ አይቀበልም። ካሪዮላዎቹ አሸዋ እንዲያመላልሱ ተፈቀደላቸው፤ አሸዋ በረከቱ ትንሽ ነው መሰለኝ።

እናኑ እንኳን ያኔ፣ መቼም ተስፋ አትቆርጥም። ትናንሾቹን ድንጋዮች ሰው አሰልፋ በእጅ ቅብብል አስወጣቻቸው፤ ማንም ሳይጎነበስ ማንም ሳይዞር እስከ ቀትር አለቁ። አንዳንዱ «ለካ እንዲህም ይሆናል» አለ። የቀረው የመድረኩ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ የቤተ መቅደሱ በር ሥር የሚገባው፣ ምእመኑ ሁሉ ተንበርክኮ የሚሳለመው ድንጋይ። ከአንድ ኩንታል አያንስም። እሱንም ቢሆን ሁለት ወፍራም እንጨት አስቆርጣ፣ በገመድ አስራ፣ ለአራት ሰው አዘጋጀችው። ጌታሁን ከአራቱ አንዱ ነው፤ እንጨቱን ይዞ ቆሟል።

ሥርጉት ከሴቶቹ መሀል ሆና፣ ለማንም ሳትል፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ምን ያርጉ፣ ወንድ ያለቀበት ቤት! አንዱ ደጃፍ ላይ ተጎልቶ ይውላል፤ አንዱ ደግሞ አንድ ድንጋይ ለአራት ይሸከማል።»

ሳቁ ከወንዙ እስከ ጉብታው ተሰማ። የጌታሁን ጆሮ ቀላ። እንጨቱን መሬት ጣለው፣ ገመዱን ፈታ፣ እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። ከዚያም ዞሮ እናኑን አየ።

ራሷን ብትወዘውዝ ይበቃ ነበር። እንደ ሌላው ቀን አንድ ጊዜ፣ ወዲያና ወዲህ። ይህን ለማድረግ ማንም አልከለከላትም። ነገር ግን የእንድሪያስ በርጩማ በሰው ፊት ተነሥቶባታል፤ የሥርጉት ጥርስ ፊት ለፊቷ ነው፤ ደሟ ፈልቷል። አሥራ ስምንት ሰው የምታስተምረው የሎሚ ካቦ፣ በሞኝ ሁሉ ስትስቅ የኖረችው እናኑ፣ አፏን ከፈተች።

«እልልልልልል!»

የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። ሁለት ሰዎች ድንጋዩን አንሥተው የጌታሁን ትከሻ ላይ አወጡት፤ እጃቸውንም አነሡ። «ዘራፍ!» አሉ ወንዶቹ። እሱም አቀበቱን ጀመረ።

እናኑ ከኋላው ተከተለች። አሥር እርምጃ ሳይሄድ ነው ልቧ የተመለሰላት። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አየች። አንገቱ ወደ አንድ ወገን ሲዘም አየች። እናቱ የሚኖሩበት ወገብ ከድንጋይ ሥር ሆኖ ሲወጣ አየች። ጌታሁን ግን ጉብታው ላይ ደረሰ። በሩ ጋ ግንበኛው «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ አድርገው!» አለው። እግሩ በፍርስራሽ መካከል ተሰክቷል። ሊያዞረው ቦታ አጣ።

«እግርኸን አዙር! ጌታሁን፣ እግርኸን!» ብላ ጮኸች።

እሷ ራሷ የጀመረችው እልልታ ዋጠው። ጌታሁን እግሩን ሳያነሣ ወገቡን አዞረና ድንጋዩን ልክ ከቦታው አሳረፈው። እንደ ጎነበሰ ቀረ።

ሰዉ መድረኩን የተሳለመ መሰለው። «ተመልከቱ ትሕትናውን!» አሉ አንዲት ባልቴት፤ አጠገቡ የነበሩትም ቆባቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። እናኑ በመካከላቸው ጥሳ ስትደርስ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ላቡ ድንጋዩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። «እታለም፣ ቀና ማለት አቃተኝ» አላት፤ እንደሚያፍር ሰው ቀስ ብሎ። በበረከት የማይነካኩት ሰዎች አሁን ለስድስት ተረባርበው አነሡት፤ እስከ መኪናው መንገድ የወሰደውም ካሪዮላው ነው።

ወገሻ ሊያመጡ ሲሉ እናኑ ካሪዮላው ፊት ቆመች፤ ማንም አላለፋትም። ሆስፒታል ወሰደችው። ያችው ባለሙያ መረመረችውና ዕድሉ ከእንድሪያስ ይሻላል፣ ቶሎ መጥቷል አለች፤ ጊዜ ወስዶ፣ የታዘዘለትን እንቅስቃሴ እየሠራ ይድናል፤ ዘንድሮ ግን ሞፈር አይነካም። ዘንድሮ አለች እንጂ ስለ ከርሞው አልተናገረችም፤ እናኑም ለመጠየቅ ድፍረት አጣች።

የእናታቸው መሬት የእኩል ተሰጠ። የተረከበው የሥርጉት ባል ነው፤ በሬ ያለው ሌላ ሰው አልተገኘም። ሥርጉትም በወግ በወጉ መጥታ ጌታሁንን ጠየቀችው፣ ድንችም ይዛ መጣች። እንግዳ ሁሉ እየገባ «እሰይ የአባትኸ ልጅ!» ይለዋል። መድረኩን ማን እንዳወጣው አጥቢያው እስከ ዕለተ ሞቱ አይረሳውም አሉ። ወገቡን የሚያስታውስለት ግን አልነበረም።

ሐምሌ ላይ እናኑ አንድ ቀን ፈቃድ ወስዳ መጣች። ጌታሁን መደቡ ላይ ተጋድሟል። በተከፈተው በር በኩል ማሳው ይታያል፤ የሰው በሬ በማሳቸው ላይ ይመላለሳል። እናታቸው ውኃ ሊቀዱ ወርደዋል። ባለሙያዋ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ይደረግ ብላ ነበርና ትራሱን ታስተካክልለት ጀመር። አጎንብሳ ሳለች ተናገራት።

«እታለም፣ ያን ዕለት ልተወው ነበርኮ።»

«ምኑን?»

«ድንጋዩን። እጄን አሳርፌበት ሳይሽ፣ ተው ትይኛለሽ ብየ ነበር የጠበቅሁ። እንጨቱን መልሼ ላነሣ ነበር።» ፈገግ አለ። «እልል ስትይልኝ ጊዜ፣ ለካ እህቴም ትኮራብኛለች አልሁ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

ሊያመሰግናት ነበር የተናገረው። እናኑ ትራሱን ከጉልበቱ ሥር አስገባችና «ይኸ ይመችኸል?» አለችው።